ከካምባ የመጣው ቅቤ

አቢጋኤል ሰው አታምንም ማለት ሐሜት ነው። ሰው ታምናለች፤ የማታምነው የሰው ሥራ ነው። እናቷ ያጠቡትን ሰሃን ደግማ ታለቀልቃለች። ሙዝ መኪና ላይ ሲደረደር ከደረሰች ተደርድሮ ያለቀውን አውርዳ በራሷ መንገድ ትመልሰዋለች፤ ጫኞቹም ይህን አመሏን ስለሚያውቁ እሷ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ለመጨረስ ይሯሯጣሉ። አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት የሙዝ ማሳዎች አጠገብ፣ ሙዝ ነጋዴ ከሆኑት እናቷ ከወይዘሮ ወርቄ ጋር ትኖራለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ሰፈሩ ሁሉ ጎበዝ ይላታል፤ ጎበዝ መሆኗን ደግሞ የሚክድ የለም። ችግሩ ሌላ ነው።

የቡድን ሥራ ሲሰጥ የክፍሉ ልጆች ከእሷ ጋር ለመመደብ ይሻማሉ፤ እጅ አጣጥፎ ማርክ መቀበል ማን ይጠላል። ግን ከአንድ ጊዜ አያልፍም። የሠሩትን ሁሉ አፍርሳ ስለምትሠራው በሁለተኛው ዙር ዓይኗን ላለማየት ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። አንዷ ልጅማ ባለፈው ዓመት «ስሜን አውጪልኝ፤ እኔ ከጻፍኩት አንድ መስመር እንኳ አልቀረም» ብላ በሰው ፊት ነገረቻት። አቢጋኤል ምንም እንዳልመሰላት ሆና ቤቷ ገባችና ትራሷ እስኪርስ አለቀሰች። ከእሷ ጋር ሁለተኛ ጊዜ እንሥራ ያላት ሰው በሕይወቷ እንደሌለ ልብ ያለችው ያን ዕለት ነው።

ስለዚህ የድረ ገጽ ውድድሩ ሲመጣ ለራሷ ቃል ገባች። ውድድሩ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው፤ የአንድ ቡድን ልጆች በተለያየ ቦታ እየኖሩ፣ ሳይገናኙ፣ ታናናሾቻቸውን የሚያስተምር ድረ ገጽ እንዲሠሩ ይጠይቃል። እሷም ክረምት ላይ በኮምፒውተር ሥልጠና የተዋወቀቻቸውን ሁለት ልጆች ያዘች። አንዱ የጨንቻው ሰይፈሥላሴ ነው፤ ወሬው እንደ እጁ የማያርፍ ሠዓሊ። ሌላው የካምባው አጵሎስ ነው፤ ከአፉ ቃል ለማውጣት ምልጃ የሚያስፈልገው፣ ማስተማር ሲጀምር ግን ሌላ ሰው የሚሆን። ሥራውን ተከፋፈሉ። አቢጋኤል ገጾቹን ትሠራለች፤ ሰይፈሥላሴ ሥዕሎቹን ይሥላል፤ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ሲጀመርባቸው ግራ ለሚገባቸው ልጆች ደግሞ አጵሎስ እያንዳንዱን ትምህርት በጋሞኛ፣ በድምፅ ያስረዳል። ይህ የአጵሎስ ድምፅ የሥራው ነፍስ ነበር። የቀረውን ሌላም ሰው ሊሠራው ይችላል።

ችግሩ የካምባ ኔትወርክ ነው። አጵሎስ ከገበያው በስተጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ጽሑፍ ያልፍለታል፤ ድምፅ ግን አያልፍም። ስለዚህ የቀዳውን በሚሞሪ አድርጎ፣ ሚሞሪውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ በካምባው መኪና ረዳት በደበሌ እጅ መላክ ጀመረ። የመጀመሪያው ሚሞሪ ደህና ደረሰ። የመጨረሻዎቹን ትምህርቶች የያዘው ግን ደበሌ ለተሳፋሪ መልስ ሲሰጥ ከኪሱ ወድቆ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። አጵሎስ አንድ ቃል ሳያጉረመርም ሁሉንም እንደገና ሊቀዳ ተቀመጠ። አቢጋኤልም እንደምንም ራሷን ይዛ ጠበቀች። እሷ ብትሆን ኖሮ ደበሌን ከነመኪናው ትገለብጠው ነበር።

ሥራው የሚገባው ዓርብ ማታ ሲሆን፣ ሐሙስ ቀትር ላይ የካምባው መኪና መናኸሪያ ገባ። አቢጋኤል ፀሐዩ አናቷን እየበሳት ቆማለች። ደበሌ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ በሙቀቱ መላላት የጀመረ ቅቤ አቀበላት።

«ከአጵሎስ እናት ነው። እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀህ አድርስ ተብያለሁ፤ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት።»

«ሚሞሪውስ?»

«ሚሞሪ የሰጠኝ የለም። ቅቤ ብቻ ነው።»

«ደህና ፈትሽ እስቲ።»

ደበሌ ኪሶቹን አንድ በአንድ ገልብጦ አሳያት። ያለፈው ጊዜ ነገር ስላለበት ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። ምንም የለም።

ወደ አጵሎስ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም። ደግማ ደወለች፤ ያው ነው። በባጃጅ ወደ ቤት ስትመለስ ቅቤው ጭኗ ላይ እየላላ፣ እሷ ደግሞ እየጠጠረች ሄደች። ነገሩ ወለል ብሎ የታያት መሰላት። ልጁ አልሠራም፤ አልሠራሁም ለማለት ስላፈረ ስልኩን አጥፍቶ ቅቤ ላከ። ማባበያ መሆኑ ነው። ቅቤውን እናቷ እጅ ላይ ጣል አድርጋ ከየት እንደመጣ እንኳ ሳትነግራቸው ክፍሏ ገባች፤ ስልኳን አውጥታም ጻፈች።

«ቅቤ የጠየቀህ የለም። ሥራ ያልሠራ ሰው ስም አላስገባም። ያንተን ክፍል እኔው ራሴ እጨርሰዋለሁ። ከዚህ በኋላ አትጻፍልኝ።»

ላከችው። መልእክቱ ሥር አንዲት ምልክት ብቻ ብቅ አለች፤ ሁለተኛዋ፣ የማንበቡ፣ አልመጣችም። አይመጣማ፣ አለች በልቧ፣ የት አባቱ ያነበዋል።

ሰይፈሥላሴ ከጨንቻ የድምፅ መልእክት ላከላት። «አቢጊ፣ ትንሽ እንታገሰው። ኔትወርክ ጠፍቶበት ይሆናል። የአጵሎስን ነገር እኔ አውቃለሁ፣ ቃሉን አይበላም።» አቢጋኤል ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የአጵሎስን ስም ከገጹ ላይ አወጣችው። ከዚያ ትምህርቱን ራሷ በጋሞኛ ልትቀዳ ስልኳን አፏ ላይ ደቀነች። ጋሞኛ የእናቷ ቋንቋ ነው፤ እሷ ግን ከተማ አድጋ ሁለት ቃል በጋሞኛ ካለች ሦስተኛው በአማርኛ ነው የሚወጣት። የቀዳችውን ስታዳምጠው ገበያ ላይ ዋጋ የምትከራከር እንጂ የምታስተምር አትመስልም። አጠፋችው፤ ደግማ ቀዳች፤ ደግማ አጠፋችው። ዓርብ ረፋድ ላይም ገና እዚያው ላይ ነበረች። ስሙ ወጥቶ የቀረው ባዶ ቦታም ከገጹ ላይ ያፈጥባታል።

ስልኩ የጠራው ያኔ ነው። አጵሎስ ነበር። ነፋሱ ድምፁን ይቆራርጠዋል፤ ኮረብታው ላይ ወጥቷል ማለት ነው።

«አገኘሽው?»

«ምኑን?»

«ሚሞሪውን ነዋ። ቅቤው ውስጥ ነው።»

አቢጋኤል ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዞረች።

«እናቴ ናት የከተተችው። ወረቀት ሰው ይጥላል፣ ቅቤ የሚጥል ሰው ግን አይቼ አላውቅም ብላ በላስቲክ ጠቅልላ መሃሉ ላይ አስገባችው። ለደበሌ አትንገረው፣ ከነገርከው እከፍታለሁ ይላል አለችኝ። ላንቺ ልጽፍልሽ ኮረብታው ላይ ስወጣ ኔትወርኩ ጠፋ። አሁን ገና መ...»

ተቋረጠ።

መጀመሪያ ያደረገችው ቅቤውን መፈለግ አልነበረም። ቴሌግራሟን ከፈተች። ምልክቷ አንድ ናት፤ አላነበበውም። መልእክቱን ከራሷም ከእሱም ስልክ ላይ አጠፋችው፤ ጠፋ። እፎይ አለች፤ እንዲያ ያለ እፎይታ የማትሪክ ውጤት ሲመጣም የምታገኝ አልመሰላትም። እግዚአብሔር የካምባን ኔትወርክ ያጠፋው ለእኔ ብሎ ነው፣ አለች። ከዚያ ቅቤው ትዝ አላትና ብድግ ብላ ወጣች።

ወይዘሮ ወርቄ ደጃፍ ላይ ከነጋዴ ጋር እየተነጋገሩ ነበር።

«እማ፣ ትናንት የሰጠሁሽ ቅቤ የታለ?»

«ለአበቡ ሰጠኋት። ወልዳ ባዶ እጄን ልሂድ እንዴ? ደግሞ በዚህ ሙቀት እኛ ቤት ቢያድር ቀልጦ የሚቀርልን ቅጠሉ ነበር።»

አቢጋኤል የጫማዋን ማሰሪያ እንኳ ሳትቋጥር ወጣች። አራስ ቤት ቅቤ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። ይነጠራል፤ ገንፎ ላይ ይፈስሳል። ሚሞሪው ከቅመሙ ጋር ሲንተከተክ እየታያት ሁለቱን ቅያስ በሩጫ ጨረሰችው።

በሩን የከፈቱላት የአበቡ እናት እትዬ ሻሺቱ ናቸው፤ ከዚያው ሰፈር ልጃቸውን ሊያርሱ የመጡ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድን ውስጥ ድምፃቸው ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማ ሴት። ሌላ ጊዜ ቢሆን አቢጋኤልን አገላብጠው ይስሟታል። ዛሬ በሩን በግማሹ ይዘው ቆሙ።

«እትዬ ሻሺቱ፣ ቅቤው...»

«ፀሐይ ይዘሽ ነው የመጣሽው። አራስ ዘንድ እንዲህ አይገባም። እዚህ ቁጭ በይና ላብሽ ይድረቅ።»

በር ሥር ባለች ዱካ ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ ሴቶች በዝግታ ሲጸልዩ ይሰማል። የቅቤ ሽታ ግን የለም፤ ይህ ተስፋ ይሁን ሐዘን መለየት አቃታት። ላቧ ቶሎ እንዲደርቅላት ፊቷን በቀሚሷ እየጠረገች ልትነሳ ስትል እትዬ ሻሺቱ መልሰው አስቀመጧት።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«አይደለም፣ እኔው ነኝ። እትዬ ሻሺቱ፣ ቅቤው ውስጥ አንድ ዕቃ ነበረ።»

 ከውስጥ ይሰማ የነበረው ጸሎት ቆመ።

«ለካ ታውቂያለሽ» አሉ እትዬ ሻሺቱ። «ጠዋት ለማንጠር ስቆርሰው ቢላዬን ጠጠር ያዘው። ሳየው በላስቲክ የታሰረ፣ ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር። ቅቤውን አልነካነውም። አራስ ቤት፣ ቅቤ ውስጥ ታስሮ የሚመጣ ነገር ምን እንደሆነ እኔ ሕፃን አይደለሁም፤ ያደግኩበት አገር አለ። ከጠዋት ጀምሮ ጸሎት ላይ ነን። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ያቃጥሉታል። ከወርቄ እጅ ይመጣል ብዬ ግን...»  ከወርቄ ጋር ሃያ ዓመት ጎረቤት ናቸው።

አቢጋኤል መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ሲገባት ልትስቅ ነው ልታለቅስ ነው የማይታወቅ ድምፅ ወጣት።

«ሚሞሪ ነው፣ እትዬ ሻሺቱ። የስልክ ሚሞሪ።»

«ሚሞሪ ቅቤ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ረጅም ነበር። አቢጋኤል ካምባን፣ ኔትወርኩን፣ የደበሌን ኪስና የአጵሎስን እናት አንድ ላይ ደባልቃ አስረዳች። እትዬ ሻሺቱ አላመኑም፤ ግን ወደ ጓሮ ወሰዷት። ሚሞሪው እዚያ፣ በተደፋ ሲኒ ሥር ነበር፤ አንድም ሰው ሊነካው አልደፈረም። አቢጋኤል ሲኒውን ስታነሳ በር ላይ የተደረደሩት ሴቶች ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አሉ። ላስቲኩን ፈታች፣ ቅቤውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና የስልኳን ጎን ከፈተች።

«ስልክሽ ውስጥ ልታስገቢው ነው?» አሉ እትዬ ሻሺቱ። «ተይ አንቺ ልጅ፣ ስልክሽ ምን አደረገሽ።»

አስገባችው። ስልኩ ምንም አላነበበም። አውጥታ፣ ተንፍሳበት፣ ደህና አድርጋ ጠርጋ እንደገና አስገባችው። የአጵሎስ ፋይሎች ተራ በተራ ተደረደሩ። የመጀመሪያውን ነካችው፤ በጓሮው ውስጥ አንድ ረጋ ያለ የወንድ ልጅ ድምፅ በጋሞኛ መናገር ጀመረ።

«ልጆች፣ ጠዋት ተራራችን ላይ የምታዩት ጉም ትናንት የት ነበር? ምናልባት ጫሞ ውስጥ ነበር። ዓሣ አጥማጁ እግሩን ታጥቦበት ይሆናል። ፀሐይዋ እንዴት ወደ እኛ እንደላከችው አሁን እነግራችኋለሁ...»

አንዷ ሴት ቀረብ አለች። ሌላዋም ተከተለቻት። አጵሎስ ድስት ላይ ስለተከደነ ክዳንና ክዳኑ ላይ ስለሚሰበሰበው ጠብታ እያስረዳ ሳለ፣ በካምባ የእናቱ ግቢ ውስጥ፣ አንድ አውራ ዶሮ በሙሉ ጉሮሮው ጮኸ። አጵሎስ ጠበቀው፤ ዶሮው ሲጨርስ «እሱም ተስማምቷል» ብሎ ቀጠለ። ሴቶቹ ሳቁ። አበቡ ልጇን እንዳቀፈች ከመጋረጃው ጀርባ፣ «እማ፣ ስትገሥጪው የዋልሽው ጋኔን ይሄ ነው?» ስትል እትዬ ሻሺቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ነጠላውን ሲያወርዱት ዓይናቸው ርሶ ነበር።

«ጌታ ይመስገን፣ ጌታ ይመስገን። ወርቄን በሆዴ ስንት ነገር አልኳት መሰለሽ። ዛሬውኑ ሄጄ እስማታለሁ። ለምን እንደሆነ ግን እንዳትነግሪያት።»

«አልነግራትም» አለች አቢጋኤል። አንድ ቀን ያልሞላው የራሷ ምስጢር ስለነበራት የሰው ምስጢር መያዝ አልከበዳትም። ልትሄድ ስትል ግን አልተለቀቀችም። ላቧ ደርቋል፤ አራሷን አይታ፣ ሕፃኑን መርቃ፣ በዚያው ቅቤ ወዲያው የተሠራውን ገንፎ ሳትቀምስ ከቤቱ መውጣት ነውር ነው። ምላሷ እየተቃጠለ ጎረሰች። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲያ የጣፈጣት ገንፎ የለም።

ቤቷ ገብታ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ገጹ ላይ ስትጭን የአውራ ዶሮው ጋ ደረሰች። እጇ በልማዷ መቁረጫው ላይ ሄደ። ዶሮ በትምህርት መሃል ሲጮህ ሥርዓት አይደለም፤ ድምፁን ማጽዳት ለእሷ የደቂቃ ሥራ ነው። ቆየት ብላ እጇን አነሳችና ዶሮውን እንዳለ ተወችው። ሲያሳክካት ዋለ፣ ግን ተወችው። የአጵሎስን ስም ወደ ቦታው መለሰች። ሥራውን ፀሐይ ሳትጠልቅ አስገቡ፤ ሰይፈሥላሴም ደስታውን በዘፈን ቀድቶ ከጨንቻ ላከላት። ያን ምሽት አቢጋኤል እራቷን በልታ ሰሃኑን እናቷ ሲያጥቡ ዝም ብላ ተመለከተች። ወይዘሮ ወርቄ «አሞሻል እንዴ?» ብለው ግንባሯን ዳበሷት።

ሦስተኛ ወጡ። ሽልማቱ አርባ ምንጭ ላይ ስለነበር አጵሎስ በደበሌ መኪና፣ ጋቢና ተቀምጦ መጣ። ሌላ ቅቤም ይዟል፤ ይህ ለእትዬ ሻሺቱ ነው። ሲቀበሉት በጣታቸው ተጫን ተጫን አደረጉት። «ውስጡ ምንም የለም» አላቸው አጵሎስ። ሰይፈሥላሴ ይህን ሰምቶ እስኪያስለው ሳቀ።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ሦስቱ ጫሞ ዳር ወርደው የተጠበሰ ዓሣ አዘዙ። ሰይፈሥላሴ ጀልባዎቹን ሊሥል ወደ ውሃው ሲጠጋ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አጵሎስ የዓሣውን አጥንት በጥንቃቄ አንድ በአንድ ይለያል። ዝም ማለቱ አዲስ ነገር ስላልሆነ አቢጋኤልም ልብ አላለችም።

«መልእክትሽን አንብቤዋለሁ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«የቱን?»

«የቅቤውን። ኮረብታው ላይ ኔትወርኩ እንደመጣ ከላይ ብቅ አለ። ሳልከፍተው ነው ያነበብኩት። ኋላ ልከፍተው ስል የለም።»

አቢጋኤል ፊቷ ነደደ። ወራት ሙሉ የተገላገለችው የመሰላት ነገር እዚያው ዓሣው አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር። 

«መጀመሪያ አንብበህ ነው የደወልክልኝ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ደወልክ?»

«ተናድጄ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ነበር። ቁልቁለቱን ትንሽ እንደወረድኩ፣ ሚሞሪ እንዳልደረሳት ነው የጻፈችው አልኩ። እኔም ሥራ ጠብቄ ቅቤ ቢመጣልኝ ደስ አይለኝም። ተመልሼ ወጣሁ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ አጵሎስ። ክፉ ነገር ነው የጻፍኩልህ።»

«ክፉ ነው» አለ አጵሎስ፣ ሳይቆጣ። «ዶሮዬን ግን አልቆረጥሽብኝም። ትቆርጪዋለሽ ብዬ ነበር።»

አቢጋኤል ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ሊዞር ሲል ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። መልእክቱን ባጠፋችበት ቀን የተሰማት እፎይታ እውነተኛ መስሏት ነበር። አሁን የተሰማት ነው እውነተኛው፤ ከዚህ በኋላ የሚደበቅ የለም። አጵሎስ የዓሣውን የመጨረሻ ቁራሽ ወደ እሷ ገፋ አደረገላትና እጁን ጠረገ።

«የሚቀጥለው ዓመት ውድድር» አለ፣ «በምን ላይ ብንሠራ ይሻላል?»